የአዳራሹ አጭር በር

አዲሱ የወረዳ አስተዳዳሪ ሥራ ሊረከብ ወደ ጥንታዊው የከተማ አዳራሽ ሲገባ፣ ሕዝብ እያየው ግንባሩን ከበሩ የላይኛው ጉበን ጋር አጋጨ። የጥንት አናጢዎች በሩን ሆን ብለው ነበር ያሳጠሩት፤ ለዳኝነት የሚገባ ሁሉ፣ ሹምም ቢሆን፣ ጎንበስ እንዲል ብለው።

በማግስቱ አስተዳዳሪው ሕዝቡን ሰብስቦ፣ «ይህ በር ፈርሶ ረጅም የመስታወት በር ይገጠማል» አለ። ሰዉ አጉረመረመ፤ የተነሣው ግን የአዳራሹ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ነበር።

«ጌታዬ፣ በሩ ባይነካ።»

የአስተዳዳሪው ግንባር እብጠት ገና አልጎደለም። «እንግዲያው እዚሁ ፍረድ!» አለው። «ጥፋተኛው ማነው? በሩ ነው ወይስ እኔ?»

በሩ ነው ቢል በሩ ሊፈርስ፣ እርስዎ ነዎት ቢል እንጀራው ሊቀር ነው።

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። «ፍርዱ ይቆየን ጌታዬ። እኔ የምሟገተው ለእርስዎ ብዬ ነው። እዚህ በር ላይ ቆሜ ስድስት አስተዳዳሪ ሲሻር አይቻለሁ። ሁሉም የወጡት አንገታቸውን ደፍተው ነው። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር፣ ‹አይ፣ በሩ አጥሮባቸው ነው› እያልኩ ገመናቸውን ሸፍኛለሁ። በሩን ካስረዘሙት፣ የእርስዎ ቀን ሲደርስ ምን ብዬ ልዋሽልዎት?»