ወንዶቹ የበሉት መራራ ቅጠል

በዚያ ጫካ ሥርዓት ነበረ፤ የለም ብሎ የሚያማ ቢኖር እግዜር ይይለት። ውሃ ሲወረድ አንበሳ ይቀድማል፣ አማካሪው ጅብ ይከተላል፣ ሌላው ድፍርሱን ይጠጣል። የተሸሸገ ነገር አለ ከተባለ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል። ያን ጊዜ እንስሳው ሁሉ በእሾህ አጥር ውስጥ ይታጎራል፤ አንዱ ሌላውን እስኪያወጣ ድረስ ሣር መንጨት፣ ውሃ መቅመስ የለም።

እመት ድኩላ ከስንቱ አውጫጭኝ በፈሪነቷ ተርፋለች። አንገቷን ደፍታ፣ በልቧ ጸልያ ትወጣ ነበር። አሁን ግን ብቻዋን አይደለችም፤ ቀንዱ ገና ብቅ ያለ አንድ ልጅ፣ አለልኝ፣ አላት።

ነገሩ የተጀመረው በእህቷ ነው። እህቷ ጡቷ ላይ እብጠት ቢወጣባት መድኃኒት አዋቂዋ ኤሊ ዘንድ ሄደች። ኤሊም መራራ ቅጠል ሰጠቻትና፣ «የእንስት ጠል፣ ሴትን ሴት የሚያደርገው ፈሳሽ፣ ከማሕፀን በኩል ብቻ የሚመነጭ አይምሰልሽ» አለቻት። «ስቡም፣ አጥንቱም፣ አንጎሉም በየቤቱ ለራሱ ይጠነስሰዋል፤ በሴቷም በወንዱም። ያንቺ እብጠት እሱን እየጠባ ነው ያደገው። ቅጠሉ ጠሉን ያደርቅልሻል። አጥንትሽን ግን አደራ፤ አጥንት ያለ ጠል ገለባ ነው።»

እህቷ በላች፤ እብጠቱም ሟሸሸ። ጅብ ግን ከቁጥቋጦው ኋላ ሆኖ ይሰማ ነበር። ለአንበሳ ያደረሰው ግማሹን ብቻ ነው።

«ጃንሆይ፣ በግዛትዎ ያለ ፈቃድዎ የሚጠነሰስ ነገር አለ። የሴት ጠል ነው፤ በወንዶቹም ውስጥ ተደብቋል አሉ!»

አንበሳ ጎፈሩን ነሰነሰ። «በወንድ ውስጥ? በእኔም?»

«ኧረ አፌን ይቁረጠው! ግን ጠሉን የሚያደርቀውን የኤሊን ቅጠል በአደባባይ ቢቀምሱት ሐሜተኛ ያፍራል።»

አውጫጭኝ ተጠራ። ወንዱ ሁሉ እየተነሣ ስለ ራሱ ማለ። ከርከሮ፣ «አንዲት ጠብታ ቢገኝብኝ ቆዳዬ ይገፈፍ!» አለ። ዝንጀሮ ደረቱን እየደቃ «እኔ ድሮም ደረቅ ነኝ!» ቢል ሚስቱ ከኋላ «እሱስ እውነቱን ነው» አለችና ሳቅ ሆነ። ከዚያም መሐላውን ለማጽናት ቅጠሉ ቀረበ። አንበሳ በላ፤ ሌላውም እየተሻማ በላ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሳይቀምስ ወደ ግጦሽ የሚወጣ ወንድ ታጣ።

ክረምቱ ሲወጣ ስብራት ገባ። ከርከሮ ሥር ሲምስ እግሩ ተቀነጠሰ። ዝንጀሮ ከታችኛው ቅርንጫፍ ወድቆ አልተነሣም። ጅብ የወደቀውን ሁሉ «ልቅበር» እያለ ወሰደ፣ ወፈረም። ድሮ የሚያታግለውን አጥንት አሁን እንደ ቆሎ ይቆረጥመው ጀመር።

አንድ ቀን አለልኝ፣ «እማዬ፣ ቀንዴ ወጥቷል፤ ነገ እኔም እቀምሳለሁ» አለ። «ካልቀመስኩ የሴት ልጅ ይሉኛል።»

«ታዲያ የማን ልጅ ነህ?» አለችው። ሊስቅ ፈለገና ተወው።

በማግስቱ በአጥሩ ውስጥ፣ አውጫጭኙ ላይ፣ ቅጠሉ ወደ አለልኝ አፍ ሲጠጋ እመት ድኩላ ብድግ አለች። አምላኳን ጠርታ ወደ መሐል ወጣች።

«ጃንሆይ፣ ቅጠሉን አልረግምም፤ እህቴን አድኖልኛል። ግን ለታመመ የተሰጠ ነው። ልጄ አልታመመም። ጠሉ በእሱም ውስጥ አለ፤ አጥንቱን ያቆመለት እሱ ነው። ፈጣሪ ያኖረበትን አታድርቁብኝ።»

«እማዬ፣ ዝም በይ!» አለ አለልኝ።

ጅብ ዘሎ ቆመ። «ሰማችሁ? አወጣችው! የገዛ እናቱ አወጣችው!»

ያን ጊዜ ያደረገችው ገባት። በአውጫጭኝ ስሙ የወጣ የንጉሥ ሲሳይ ነው። አጥሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ከአለልኝ ሸሸት፣ ሸሸት አለ። እሷ ብቻ ቀረች።

አንበሳ አድፍጦ ወደ አለልኝ ተወረወረ። መሬት ሲነካ ግን የደረቀ እንጨት የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ንጉሡ የፊት እግሩ ከሥሩ ታጥፎ፣ ከአለልኝ አንድ ክንድ ርቆ ተዘረረ።

«የተሰማ ነገር አለ?» አለ አንበሳ እያቃሰተ።

«የለም፣ ጃንሆይ» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«አንተስ፣ ጅብ?»

ጅብ ቀስ ብሎ ቀረበ። የታጠፈውን እግር ለረጅም ጊዜ አሸተተ፤ ምራቁንም ዋጠ።

«እኔማ ሰምቻለሁ» አለ። «ጃንሆይ» ብሎ ግን አልጠራውም።

እመት ድኩላ ልጇን በጎኗ ሸፈነችው። አጥሩ ገና አልተከፈተም።