ማር የጠባችው አህያ

ማነው «ዜግነቴን ምረጥ ቢሉኝ» እያለ ሲያወራ የቆየው? አንተ ነህ? የሦስት አገር ስም ጠራህ። አንዱ ደመወዙ ጥሩ ነው፣ አንዱ ብርዱ ይከብዳል፣ አንዱ ለእንግዳ ደግ ነው አልክ። እሺ፣ ሰማንህ። አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ፤ ተረት ላወራ ነው። «ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ላሟ በረት አላት፣ ምን ጎደላት። «ሜዳ ላይ የቀረች» በሉኝ።

ተረት ተረት።

ጎሽ፣ እንደሱ።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ምድር ለእንስሳት ስትከፋፈል ሁሉም ወጥቶ ድርሻውን ወሰደ። ፈረስ ለምለሙን መስክ ወሰደ። በሬ ሰፊውን ሜዳ ወሰደ። ጅብ ገደሉንና ጫካውን ወሰደ። አህያስ? አህያ የዚያን ቀን ጭነት ላይ ነበረች። የፈረስን ድንኳን፣ የበሬን ጨው፣ የጅብን ከበሮ ተሸክማ ወደ ጉባኤው ዳገት ስትወጣ ዋለች። ደርሳ ሸክሟን ስታራግፍ ክፍፍሉ አልቆ ተካፋዮቹ እየተመራረቁ ነበር። የእኔስ ብትል «አንቺ ደግሞ የት ነበርሽ?» አሏት። ዕቃቸውን ከጀርባዋ ላይ እያወረዱ እኮ ነው።

ከዚያ ወዲያ አገር አልባ ሆና ቀረች። ያገኛት ይጭናታል፣ የራበው ይበላታል፣ ጠያቂ የላት። ለራሷስ ለምዳው ነበር። የማይለመደው ሌላ ነው፤ አረገዘች። የዚያ ዘመን ሕግ ደግሞ አገር ከሌላት እናት የተወለደ ውርንጭላ ላገኘው ነው ይላል። ቀኗ ሲገፋ እንቅልፍ አጣች። «እኔስ ኖሬዋለሁ፤ ይሄኛው ግን እንደኔ የትም አይጣልም» አለች።

ሦስቱ አገሮች የሚዋሰኑበት አንድ ወንዝ ነበር። መሻገሪያው መሀል ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ የሚሻገር ሁሉ እሱን ረግጦ ነው የሚያልፈው። ይህ ድንጋይ ሕግ አዋቂ ነው፤ ከሁሉም እግር ስር ተኝቶ ሲሰማ የኖረ። አገር የሌለው እሱ ላይ ቆሞ አገሩን ይመርጣል፤ መርጦ እስኪናገር ድረስም ማንም አይነካውም። እመት አህያ ወጥታ ቆመችበትና መምረጥ ትችል እንደሆነ ጠየቀችው። ትችላለች፣ ግን አንዴ ብቻ ነው አላት።

«የት ደህና አድርገው ይቀበሉኛል?» አለችው።

«ጅቦቹ ጋ» አለ ድንጋዩ።

ሳቀችበት። ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ይህቺን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ወደ ፈረሶቹ ሄደች፤ የሥጋ ዘመዶቼ ናቸው ብላ። አለቃቸው ባላምባራስ መጋላ የሚባል ጋማው የተጎነጎነ ፈረስ ነበር። በር ላይ አስቁሞ ሰባት ቤት ቁጠሪ አላት። እናቴ አህያ፣ አያቴ አህያ፣ ቅድመ አያቴ አህያ እያለች ሦስተኛው ላይ ስትደርስ መስኩ በሳቅ ታመሰ። ኋላ ግን ባላምባራስ አዘነላት፣ ማዘን ከተባለ። ጆሮዋን በጨርቅ ጠፍራ፣ የፈረሶቹን ገብስ እየተሸከመች በጓሮ በኩል ትኑር አለ። ልጇም እግሩ እንደጸና ገብሱን ይሸከማል። ለልጇ ብላ የመጣች እናት ልጇን ገና ሳይወለድ ልታስጭነው ነው? ጥላቸው ወጣች።

በሬዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ እውነቱን ልናገር። ሽማግሌያቸው አያ በሬ ጥላ ስር አሳረፋት፣ ውሃም አስቀዳላት። አመልካች ሲመጣ ግን ወግ አላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡና እንግዳው ፊታቸው ያመሰኳል። እመት አህያ አፏን ወዲህም ወዲያም አንቀሳቀሰች። አንዴ የዋጠችው ሣር ከየት ይመለስ? ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ መከሩ፣ አመሰኩ፣ ደግሞ መከሩ። ጉዳይሽ እየታየ ነውና ከመስቀል በኋላ ተመለሺ አሏት። ጊዜው ገና ሚያዝያ ነበር። ልጄ እኮ በዚህ ወር ነው የሚወለደው ብትላቸው፣ አያ በሬ ከልቡ አዝኖ ይገባናል አላት። ገብቷቸው ሸኟት።

እግሯ አብጦ ጫካው ዳር ደረሰች። እዚያስ አያ ጅቦ ራሱ ወጥቶ ተቀበላት። ሰባት ቤት አላስቆጠራት። አፍሽን አሳዪን አላላት። ጆሮዋን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ እንዲህ ያለ ጆሮ አገር ይጠብቃል አለ። ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋን ያመሰገነላት ሰው የለም፤ አለቀሰች። ወዲያው ምስክር ተጠራ፣ ማር መጣ። የጡት ልጅ አደራረግ ታውቃላችሁ፤ አባት የሚሆነው ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባል፣ የጠባው ከዚያ ወዲያ ከወለደው ልጅ አይለይም። አያ ጅቦም የፊት እግሩን ማር ነክሮ አጠባት።

«ከዛሬ ጀምሮ ጅብ ነሽ» አላት። «ለጅብ የሚደረገው ሁሉ ይደረግልሻል።»

ቃሉንም ጠበቀ። ስምንት ቀን ሙሉ ማንም አልጫናት፣ ማንም በክፉ ዓይን አላያት። በመሀል አንድ ሌላ አህያ፣ አገር የሌለው፣ በወንዙ ዳር ሲያልፍ ጅቦቹ ወርደው በሉት። እመት አህያ ጆሮዋን አስተኝታ ሣሯን ጋጠች። ምን ታድርግ፣ የውጭ ዜጋ ነው። እንዲያውም «ጉዳዩን ሳይጨርስ ምን ያዞረዋል» አለች ይባላል። እኔ አልነበርኩም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ምጥ ያዛትና ወንድ ልጅ ተገላገለች። ልሳው ሳትጨርስ አያ ጅቦ ጥቂት ዘመዶቹን አስከትሎ መጣ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሏት የመጡ መሰላት። ገንፎውን የያዘው ማነው ብላ አንገቷን አስግጋ ከኋላቸው አየች። ገንፎ የያዘ አልነበረም። ዙሪያዋን ከበው ተቀመጡ። የአያ ጅቦ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«ልጄ፣ ደም ፈስሶሻል» አላት።

«ወልጄ እኮ ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። በአገራችን ደም የፈሰሰው ጅብ ለዘመዶቹ ነው። እኔ አባቴን በልቻለሁ፤ እኔንም ልጆቼ ይበሉኛል። ለጅብ የሚደረገው ሁሉ ይደረግልሻል ብዬሻለሁ። አላታለልኩሽም።»

አላታለላትም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። አታላይ ቢሆን እንረግመው ነበር።

እመት አህያ ልጇን አየች። እሱ ማር አልጠባም፤ እናቱ ስትበላ ዜግነቷም አብሯት ስለሚያልቅ የማንም አይደለም፣ ላገኘው ነው። እሷን ሲጨርሱ ተራው የእሱ ነው። ያን ጊዜ በስምንት ቀን ዜግነቷ የተማረችውን አስታወሰች። የጅብ ወግ እንዲህ ነው፤ ለዘመድ ማዕድ ዘመድ በሙሉ ይጠራል፣ ከተጀመረ ደግሞ አጥንቱ እስኪያልቅ የሚነሳ የለም።

«እሺ» አለች። «ግን እኔ የአገሩ ልጅ ነኝ፤ እንደ ውጭ ሰው በጥቂት አፍ መበላት አይገባኝም። የላይኛው ጫካ ይጠራ። የገደሉም ይጠራ። አንድ ዘመድ እንዳይቀር።»

አያ ጅቦ ኮራባት። ልጄ ወግ አዋቂ ናት ብሎ መልእክተኛ ላከ። ዘመድ እስኪሰበሰብ ውርንጭላው ተነስቶ ወደቀ፣ ተነስቶ ወደቀ፣ በሦስተኛው ቆመ። ጡቷን አጠባችው። ጠግቦ ቀና ሲል፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሂድ፣ ድንጋዩ ላይ ሳትደርስ ዞረህ እንዳታይ አለችው። ማዕዱ ሲጀመር እሱ ቁልቁለቱን ይዞ ነበር። ሲሄድ ያዩት ጅቦች ነበሩ፤ ግን ማንም አልተነሳም። ወግ ነው።

ውርንጭላው ድንጋዩ ላይ ወጣ። ለምን አልነገርካትም አለው።

«የት ደህና አድርገው እንደሚቀበሏት ጠየቀችኝ፣ እውነቱን መለስኩላት» አለ ድንጋዩ። «ከመካከላቸው አንዱ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርጉት አልጠየቀችኝም።»

ይህን ሲሉ ከመስኩ በኩል ፈረሶቹ የገብስ ጆንያ ይዘው ጠሩት። ከሜዳው በኩል በሬዎቹ ጉዳይህ ይታይልሃል ብለው ጠሩት። ከጫካው በኩል አያ ጅቦ አፉን ጠራርጎ ማር ይዞ ወረደ። ድንጋዩም የማን ነህ ብሎ ጠየቀው፤ ሥራው ነው፣ ሁሉንም ይጠይቃል። ውርንጭላው ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ እናቱ የቀረችበትንም አየ። አልመለሰም። ወዴትም አልሄደም።

ይኸው እስከ ዛሬ ዘሮቹን መሀል መንገድ ላይ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። መኪናው ጡሩምባ ይነፋል፣ ሾፌሩ መስኮት አውርዶ ይሰድባል፣ አይንቀሳቀሱም። ደንቆሮ ትሏቸዋላችሁ። ደንቆሮ አይደሉም፣ ጥያቄውን ሰምተዋል። እስኪመልሱ ድረስ ማንም የማይነካቸው መስሏቸው ነው። ድንጋዩ ግን ወንዙ ውስጥ ቀርቷል፤ መኪናም ያንን ሕግ አያውቅም።

እና አንተ፣ አገር መራጩ። የእንግዳ አቀባበላቸውን ተወውና፣ የገዛ ልጃቸው ሲወድቅ ከበውት ምን እንደሚያደርጉ ጠይቅ። ስትጠይቅ ደግሞ ራቅ ካለው አገር አትጀምር፤ ከተቀመጥንበት ጀምር።

ተረቴን ለእኔ አትመልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አታብሱልኝ። ነገ መንገድ ላይ ስታገኟት ለአህያዋ መልሱላት።