አድሚራሉ ቤት የሄዱ ሽማግሌዎች

አንድ ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት አንድ ሰፈር፣ ሦስት ሽማግሌዎች የአድሚራሉን በር አንኳኩ።

አድሚራል ስላልኩ ደግሞ እንዳትደነግጡ። ሰውየው አቶ ዘርጋው ይባላሉ። በወጣትነታቸው አራት ዓመት ባሕር ኃይል አገልግለዋል፤ ያውም የልብስ መጋዘን ጠባቂ ሆነው። መርከብ ላይ የወጡት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱንም ካልሲ ለማከፋፈል። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የሚነሳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። አገራችን ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ቢኖራት የት የት ይቀመጣሉ?

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል። ካርታው ላይ ሁለት የለስላሳ ቆርኪ በስፒል ተወግቷል፤ መርከቦቹ እነሱ ናቸው። እዚያ ቤት የገባ ሰው ሳይጠየቅ አይወጣም። ቆጣሪ አንባቢው አንዴ ገብቶ ከሰዓቱን ሙሉ ስለተከራከረ፣ አሁን ከአጥር ውጭ ቆሞ «ስንት ይላል?» እያለ በጩኸት ነው የሚመዘግበው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ልታይ ገብታ፣ መርከብ መሐል ባሕር ላይ ነዳጅ እንዴት እንደሚቀዳ ተምራ ወጣች። መጸዳጃ ቤቱን እስከ ዛሬ አላየችውም።

የሽማግሌዎቹ ጉዳይ ግን ከመርከብ ጋር ምንም አያገናኘውም። የልብስ ሰፊው የጋሽ አሰግድ የእህት ልጅ፣ ናሁሰናይ፣ የአድሚራሉን ልጅ ውድነሽን ከወደዳት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እሷም ትወደዋለች። እናቷ እትዬ ደብሪቱ ልጁን እንዴት እንደሚወዱት እንኳን አይወራ፤ በሩ ላይ ካዩት ሳያበሉ አይሸኙትም። የቀረው የአባትየው እሺታ ነው።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሄዱ ቀን «ልጅዎን ለልጃችን» ለማለት እንኳ አልታደሉም። ስለ ሐይቆች ጥልቀት ሲነገራቸው ምሳ ሰዓት ደረሰና ወጡ። በሁለተኛው ቀጠሮ እንደምንም ብለው ጉዳያቸውን ተነፈሱ። አድሚራሉም «ልጁ ጨዋ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን በመጀመሪያ ቤቱን ይጨርስ። ቆርቆሮው ተመትቶ፣ በሩ ተገጥሞ በዓይኔ ካላየሁ ልጄን አልሰጥም» አሉ። ናሁሰናይ ቦታ አለው፤ መሠረቱንም አውጥቷል። ግድግዳው ግን ጉልበት ላይ ደርሶ ቆሟል። ምን ያድርግ፣ እሱ አንድ ረድፍ ብሎኬት ሲጨምር ሲሚንቶ ዋጋውን ሁለት እጥፍ ይጨምራል። በዚህ አያያዝ ውድነሽ የምትዳረው ጡረታ ስትወጣ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ሦስተኛው መሆኑ ነው። በዚያ ሰፈር ልማድ፣ ሦስት ጊዜ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሽማግሌ ያንን በር ዳግመኛ አያንኳኳም፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ናሁሰናይም ይህን ያውቃል። ጠዋት ልብስ ስፌት ቤቱ መጣና የአጎቱን ጫማ ቦርሾ በሩ ሥር አስቀመጠለት። ይህን ልጅ እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገው ጋሽ አሰግድ ነው።

«አይዞህ» አለው፤ «ዛሬ ወይ ሙሽራ ይዤ እመለሳለሁ፣ ወይ ያንን ካርታ ገንጥዬ።»

ችግሩ ጋሽ አሰግድ ምላሱ ነው። ሰው ሳይቀየም ተናግሮ አያውቅም። ስለዚህ መንገድ ላይ የነፍስ አባቱ መምሬ ላእከ አስጠነቀቁት፤ «ዛሬ የምናገረው እኔ ነኝ። አንተ አንዲት ቃል ትተነፍስና!»

«ኧረ መምሬ፣ እንደ ዲዳ ነው የምቆመው» አለ ጋሽ አሰግድ። ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ጡረተኛው መምህር ተካልኝ፣ «ይኼማ ተአምር ነው» አሉ ለራሳቸው።

ገቡ። እንደ ወጉ ቆመው፣ መምሬ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ።

«ደግ አደረጋችሁ» አሉ አድሚራሉ የመጋረጃ ዘንጋቸውን አንስተው፤ «ካርታ ለማየት መቆም ይሻላል። እስቲ መምሬ፣ መርከቦቹን የት እናድርጋቸው?»

መምሬ ላእከ የመጡበት ነገር እንዳይበላሽ ፈሩና ቶሎ ብለው «ጣና ይሁኑ፣ ገዳማቱ በጸሎት ይጠብቋቸዋል» አሉ።

«መርከቡ ዞር ሲል የሚያስነሳው ማዕበልስ? መነኮሳቱ በታንኳ ላይ ሆነው ሊቀድሱ ነው?»

መምሬ ደንግጠው አማተቡ።

«ታዲያ ሁለቱንም ላንጋኖ ብናደርጋቸው?» አሉ መምህር ተካልኝ።

«ሁለቱን አንድ ቦታ? ጠላት በአንድ ምሳ ሁለቱን እንዲበላቸው? ለመሆኑ ልጆች ሲያስተምሩ የኖሩት ምንድን ነው?» አሉና አድሚራሉ ዘንጉን ካርታው ላይ ወደ ደቡብ ሰነዘሩት። «አንዱ ሻላ ነው፣ ጥልቀቱ ይበቃዋል። አንዱ ዓባያ። ዓባያ ላይ ጥበቃ መቅጠር አያስፈልግም፣ አዞው ይበቃል። የባሕረኞቹ ሚስቶችም አርባ ምንጭ ሙዝ እየበሉ ይጠብቃሉ። መርከቡ ተፈታትቶ በተሳቢ ይመጣና ብየዳው እዚያው ይሆናል። በዚያ ላይ የሐይቅ ውሃ እንደ ባሕር ጨው የለውም፣ ብረቱን አያዝገውም። ይህንን የትኛውም የዓለም አድሚራል አላሰበውም።»

«ለምን ይሆን ያላሰቡት?» ሊል ነበር ጋሽ አሰግድ፤ ምላሱን ነክሶ ዋጠው። የናሁሰናይ ፊት ድቅን አለበት። አውቆታል፣ አሁን አድሚራሉ ዘንጉን ያስቀምጡና «ቤቱ አለቀ?» ይላሉ፤ አላለቀም ይባላሉ፤ እሳቸውም «እንግዲህ በደህና ግቡ» ብለው በሩን ይከፍታሉ። ሦስት ዓመት የጠበቁ ሁለት ልጆች እዚያው ላይ ይለያያሉ። ይህን ሲያስብ ዲዳነቱ በቃው። እጁን እንደ ተማሪ አወጣ። መምሬ ከጎኑ ቆነጠጡት፤ ምንም አልተሰማውም።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ያልተማርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። መርከቦቹ ተገዝተዋል?»

«ገና ናቸው።»

«የሚገዙበትስ ገንዘብ?»

«እሱም ገና ነው።»

«አውሮፕላኖቹስ?»

«መርከቡ ሳይኖር አውሮፕላን ምን ያደርጋል አንተ?»

«እሱስ ልክ ነዎት። ታዲያ ምኑም ምኑም ሳይኖር ቦታውን መወሰን መቸኮል አይሆንም? መጀመሪያ መርከቡ ይገዛ፣ ይበየድ፣ ቀለሙን ይቀባ፤ ቦታው ከዚያ ቢታሰብስ?»

መምሬ ላእከ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አድሚራሉ ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ስድብ ሰምተው አያውቁም።

«አየህ አሰግድ፣ አገር ወደ ኋላ የቀረው በእንዳንተ ዓይነቱ ሰው ነው» አሉ። «ሁሉ ነገር እስኪሟላ ልጠብቅ የሚል ሰው ሲጠብቅ ይሞታል። ትልቅ ነገር የሚጀመረው በውሳኔ ነው። መጀመሪያ ይወሰናል። ከተወሰነ የሰው ልብ ይረጋል፣ ወገን ይረባረባል፣ የጎደለው በጊዜው ይደርሳል።»

«የጎደለው በጊዜው ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«አይጠራጠሩም?»

«ለአንዲት ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም።»

«መምሬ፣ ሰምተዋል?»

«ሰማሁ» አሉ መምሬ ላእከ፣ አንዱን ዓይናቸውን ብቻ ገልጠው።

ጋሽ አሰግድ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ።

«እንግዲያውስ ጌታዬ፣ ለብረት የዋሉትን ውለታ ለሰውም ይዋሉልን። አንድ ብሎን ያልተገዛለትን መርከብ ቦታ ሰጥተው፣ ጎረቤት መርጠው፣ ሚስቶቹን ሙዝ እያበሉ አስቀምጠውታል። የእኛ ልጅ ቤት መሠረት አለው፣ ግድግዳውም ጉልበት ደርሷል፤ ከመርከብዎ በስንትና ስንት ይቀድማል። እርስዎ የልጅቷን ነገር ይወስኑልን እንጂ፣ ቆርቆሮው በጊዜው ይደርሳል።»

አድሚራሉ ካርታውን አዩ፤ ጋሽ አሰግድን አዩ። ቤቱ ይቅደም ቢሉ መርከቡም ሊቀድም ነው፣ አርባ ዓመት የለፉበት ወደብም ገደል ገባ ማለት ነው። ውሳኔው ይቅደም ቢሉ ደግሞ ልጅቷን ሰጡ። መምህር ተካልኝ ሳቃቸው አመለጣቸውና ሳል አስመሰሉት።

አድሚራሉ ይህን እያወጡ እያወረዱ ሳለ፣ ጓዳ ሆነው ሁሉንም ሲሰሙ የቆዩት እትዬ ደብሪቱ እልልታቸውን ለቀቁት። የቀኝ ጎረቤት ሰምታ ተቀበለች፤ የግራዋም ተከተለች፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉትማ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አቀለጡት። ወዲያው ግቢው በሴት ተሞላ። ውድነሽ ከየት እንደመጣች ሳይታይ የጋሽ አሰግድ ጉልበት ላይ ተደፍታ ተገኘች፤ እሱም ምላሰኛው ሰውዬ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል።

«አንቺ ሴትዮ» አሉ አድሚራሉ ወደ ጓዳው ዞረው፤ «እኔ መቼ እሺ አልኩና ነው እልል የምትዪው?»

እትዬ ደብሪቱ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ «እልልታው ይቅደም» አሉ፤ «እሺታህ በጊዜው ይደርሳል።»