ሙሽራ የሌለው ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ ጥጥ በሚበቅልበት ቆላ፣ ስንዱ የምትባል ፈታይ ነበረች። የእሷን ክር የለመደ ሸማኔ የሌላ ሰው ክር አይጥመውም። በዚያ አገር ልጃገረድ ለወደፊት ባሏ የሚሆን ጋቢ በገዛ እጇ ፈትላ ታሠራለች። የስንዱ ጋቢ ካለቀ ቆይቷል፤ የሚለብሰው ግን አልነበረም።

ለአክስቷ ለዘርፌና ለወንድሟ ለይርጋ ነግራቸዋለች። «ወንድ የሚባል አያምረኝም፤ ይሄኛውም ያኛውም። ደግሞ ምንም አልጎደለኝም።»

አንድ ቀን አንለይ የተባለ ጎረምሳ ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ደጅ ቆሙ። አባቷ «ተቀመጡ» ካለ ተሰጠች ማለት ነው፤ እሷን የሚጠይቅ የለም። ስንዱ ከመጋረጃው ኋላ እንዝርቷን ጨብጣ አዳመጠች።

አባቷ አፉን ሊከፍት ሲል ዘርፌ ተነሣች። «እናቷ ስትሞት ለገዳም ተስላታለች» ብላ ማለች። ቆራቢ ሆና በሐሰት ማለች። የአባትየው ቃል ከከንፈሩ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ግን ጥቂት ተንሾካሽከው «ስእለት እኮ በንስሐ አባት ይፈታል» አሉ።

ይርጋ አላስቻለውም። አባቱ እያፈጠጠበት «ስእለት የለባትም» አለ። «እህቴ ወንድ አትፈልግም። ጤነኛ ናት፣ ሙሉ ናት፤ ነገሩ ይኸው ነው።»

ሽማግሌዎቹ ከልባቸው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ እፈልጋለሁ ያለች ሴት የት አይተሃል? ይሄ ጨዋነት ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ አማረችን። ወንድ ሴት አልፈልግም ቢል ኖሮ ጠበል እናስገባው ነበር።» አባትየውም ሊያስቀምጣቸው እጁን ወደ መደቡ ዘረጋ።

አንለይ ከአጥሩ ኋላ ይሰማ ነበር። ጠያቂ ራሱ ደጅ መርገጥ ነውር ነው፤ እሱ ግን ገባ። «እንግዲያው እኔን ጠበል አስገቡኝ። ሴት የማልፈልገው እኔ ነኝ።» ውሸቱን ነበር፤ ስንዱን ከልቡ ይወዳታል። ማንም ግን አልተጠራጠረም። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ዘርፌ ከቁርባን ተከለከለች። ይርጋን አባቱ አያናግረውም። አንለይን ገበያተኛው ስልብ ይለዋል። ስንዱን ደግሞ አገሩ «ስልብ የገጠማት ምስኪን» ይላታል፤ እሷ ግን ቀና ብላ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ጠርታ፣ ለአንዳቸው ልትሰጠው ጋቢውን አወጣች።

«እኔ ባልምል ዛሬ የሰው ሚስት ነበርሽ፣ ልጄ» አለች ዘርፌ።

«አክስቴ መነኩሴ አደረገችሽ፣ አንለይ ምስኪን አደረገሽ» አለ ይርጋ። «ስንዱ ያልኩሽ እኔ ብቻ ነኝ።»

«እውነትህን ሰምተው ሊቀመጡ ነበር እኮ፣ ወንድሜ» አለ አንለይ ቀስ ብሎ።

ስንዱ ወደ እሱ ዞረች። «አንተም እውነቴን ወስደህ ለበስከው። ስለ እኔ ሲነገር የተሳቀበት፣ ስለ አንተ ሲነገር ታመነ።»

«ለበስኩት» አለ አንለይ። «ከባድ ነው።»

«ለእኔ ቀላል ነው» አለች ስንዱ፣ ኮራ ብላ።

ጋቢው አንድ ነው፤ እንዲህ ያለ ፈትል ደግሞ አይቀደድም። አክስቷ አስጣለቻት፣ ወንድሟ አወቃት፣ አንለይ ከፈለላት። በሉ ፍረዱ፤ እናንተ ብትሆኑ በማን ትከሻ ላይ ጣል ታደርጉታላችሁ?