ያልበደለ የተሸከመው ድንጋይ

አንድ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በአንድ ሽማግሌ ደጅ ተንበረከከ። ጠዋት ነው፤ ሰው ወደየሥራው ይሄዳል። ድንጋዩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ሁለት እጅ የሚሞላ የግንብ ድንጋይ ነው፤ ማጅራቱ ላይ አድርጎታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር በሉኝ» ይላል።

ምን አጥፍቶ ነው? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ።

ሰውዬው አላምረው ይባላል፤ የክርስትና ልጄ ባል ነው። አናጢ ነው። ፎቅ በሚሠራበት ቦታ ግንበኞች የሚቆሙበትን የአጠና መወጣጫ፣ እነሱ ፖንቴ የሚሉትን፣ ያቆማል። እኔ እንኳን ልወጣበት፣ በሥሩ ሳልፍም አማትባለሁ። አንድ ቀን ታዲያ አጠናው ተሰበረና ይስማው የሚባል ግንበኛ ከሁለተኛው ፎቅ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። አላምረው ድንጋይ ተሸክሞ ደጃቸው የተንበረከከባቸው ሽማግሌ የይስማው አባት፣ አቶ ጫኔ ናቸው።

የአገራችንን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። እርቅ ሲፈለግ ማን በደለ፣ ምን ያህል በደለ ተብሎ አይመዘንም። ቀድሞ ዝቅ ያለ ሰላሙን ይዞ ይሄዳል። አቶ ጫኔም ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። «ተነስ ልጄ። እሱ ይቅር ይበልህ፣ እኛንም ይቅር ይበለን» አሉት።

መልካም አይደለም? መልካም ነው እንጂ! እኔም ሰምቼ አልቅሻለሁ።

ነገር ግን ካቦው፣ የሥራው አለቃ ማለት ነው፣ ወሬው ደረሰው። ፖሊስ ሊያጣራ ሲመጣ «ምን ታጣራላችሁ? ጥፋተኛው ራሱ አምኖ ድንጋይ ተሸክሟል!» አለ።

አላምረው ተጠራ። ዝም የማለት መብት እንዳለው ነግረውታል፤ እሱ ግን ዝም ማለት ነውር መሰለው። «አጥፍተሃል?» «አዎ፣ አጥፍቻለሁ።» «እዚህ ላይ ፈርም።» ፈረመ። ልጆቼ፣ ሳያነብ ፈረመ! ስንቴ ብያለሁ፣ ስንቴ!

በቸልተኝነት የሰው አካል ጎድቷል ተብሎ ተከሰሰ። ከተፈረደበት እስር ቤት ሊገባ ነው። ሚስቱ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። እኔ ሌላ ጸሎት ጠፍቶኝ «ሕፃኑን አባቱ ይቀበለው» ብቻ እል ነበር።

በቀጠሮው ቀን አብሬ ሄድኩ። ዳኛዋን ሳያት ክው አልኩ፤ የልጅ ልጄን ታክላለች! «ይህች ልጅ ናት በሰው ዕድሜ የምትፈርድ?» አልኩ በልቤ።

ክሱ ተነበበ። «የተባለውን አድርገሃል? ጥፋተኛ ነህ?» አለችው።

«አዎ እመቤቴ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አለቀ አልኩ። የክርስትና ልጄ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

ዳኛዋ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምን አድርገህ ነው ያጠፋኸው?»

«የፖንቴው አናጢ እኔ ነኝ።»

«የተሰበረውን አጠና ያቆምከው አንተ ነህ?»

«እሱን እንኳ አይደለሁም። ዝናብ የበላው ነበር። ለካቦው ‹ይሄ አጠና ሰው አይሸከምም፣ ሌላ ይምጣ› ስለው ‹ፈሪ! ቀሚስ ይግዙልህ?› አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አላቆምም ብዬ ወረድኩ። ኋላ በቀን ሠራተኛ አስቆመው።»

«ታዲያ ያንተ ጥፋት የቱ ጋ ነው?»

አላምረው መሬት መሬት አየ። «እሱ ወድቆ እኔ ቆሜያለሁ እመቤቴ። እንዴት አድርጌ ንጹሕ ነኝ ልበል?»

ዳኛዋ ወደ ጸሐፊው ዞራ «ተከሳሹ ክዷል ተብሎ ይመዝገብ» አለች።

«ኧረ እመቤቴ! እኔ መች ካድኩ? ይቅርታ ነው የጠየቅሁት!»

ሰው ሳቀ። እሷም ከንፈሯን ነክሳ ነው የቻለችው። ከዚያ ቀስ ብላ «አላምረው፣ እዚህ የምጠይቅህ የሆነውን ነው። አጠፋሁ ስላልክ ብቻ ጥፋተኛ አልልህም፤ የነገርከኝ ታሪክ ሌላ ነው። ጥፋተኛ ነው የሚል ካለ በማስረጃ ያሳይ» አለችው።

ወገኖቼ፣ ሰው በገዛ አፉ በራሱ ሲፈርድ፣ ሕግ እጁን ይዞ «ቆይ» ይለዋል? ይህን ያህል ዘመን ስኖር ፍርድ ቤት ሰው የሚጣልበት ጉድጓድ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ምስክር ሆነው የቀረቡት አቶ ጫኔ ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ «ጥፋቱ የኔ ነው ሲል ሰምተዋል?» አላቸው።

«ሰምቻለሁ። ምዬ አልሰማሁም አልልም።»

የክርስትና ልጄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጄ» አሉ። «ካቦው ልጄን ሊጠይቅ እንኳ አልመጣም። የመጣው ይህ ብቻ ነው፤ የመጣውም አዝኖ ነው። ሐዘኑን ተቀብዬ፣ በሐዘኑ ላሳስረው?»

ቀጥሎ የቀን ሠራተኛው ቀረበ። የበሰበሰውን አጠና በካቦው ትእዛዝ ያቆመው እሱ መሆኑን ተናገረ። አላምረው በነፃ ተለቀቀ። ሴት ልጁን በክንዱ ተቀበላት።

ይስማውስ? ሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ እንደሆነ ለእሱና ለአባቱ ተነገራቸው። አያችሁ? ይስማው መብቱን እንዲያገኝ የአላምረው አንገት አላስፈለገም።

እንግዲህ እናንተስ?

በጎረቤት ላይ በሐሰት መመስከር ኃጢአት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። በራስ ላይስ? የራሳችሁ ነፍስ ማን የፈጠራት መሰላችሁ? ለእርቅ ዝቅ በሉ፤ አትተዉት፣ ያባቶቻችን ነው። ስትጠየቁ ግን የሆነውን ተናገሩ። ወረቀት ሲሰጣችሁ አንብቡ። ማንበብ ካቃታችሁ የሚያነብላችሁ ጥሩ፤ አትፈሩ፣ ነውር አይደለም።

«ጌታስ የኛን ተሸክሞ የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ተሸክሟል። እሱ ግን የማን እንደሆነ አውቆ ተሸከመ። አላምረው የማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም።

ደግሞ ይህን አስቡ። ሥጋ ለባሿ፣ ያቺ የልጅ ልጄን የምታክል ዳኛ፣ ሰውዬው በራሱ ላይ ያመጣውን ፍርድ አልቀበልም ካለች፣ ልብን የሚመረምረው እንዴት ይሆን? ስንቶቻችሁ በሞተ ልጃችሁ፣ በፈረሰ ትዳራችሁ «ጥፋቱ የኔ ነው» እያላችሁ ዓመት ሙሉ ጎንብሳችኋል? እሱ ገና እስክሪብቶውን አላነሳም። «ምን አድርገህ ነው? ምን አድርገሽ ነው? ንገሩኝ» እያለ ይጠይቃል።

ድንጋዩ እስከ ዛሬ አቶ ጫኔ ደጅ ላይ አለ። ይስማው ፀሐይ ሲሞቅ የታመመ እግሩን ያሳርፍበታል። የጥፋቱ ባለቤት መጥቶ አልወሰደውም።

ካቦውን ብቻ አትዩ። ሁላችን ማጅራታችንን እንዳስስ። የሰው ድንጋይ ካለበት እናውርድ። ምንም ከሌለበት ደግሞ፣ ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ነው መፍራት፦ የኛን ድንጋይ ማን ተሸክሞልን ይሆን?