ውርንጭላውና ያላለቀው ታሪክ

ጆሯችሁን አቅኑና ስሙ። የምነግራችሁ ስለ ኤሊ ነው፤ ጥንቸል ነው እንዳትሉ። ዛፉም ሾላ ነው፤ ዋርካ ነው ብሎ የሚያወራ ቢኖር ከእኔ አልሰማም። አንዷን ቃል የሳተ መንገዱን ሁሉ ይስታል።

በዱሮ ዘመን፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ጊዜ፣ የኔታ ኤሊ የተባሉ መምህር ከሾላ ሥር ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ቡላ የሚባል ውርንጭላ ነበረ። ቡላ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ሲያወርደው ሰሚው ሁሉ ይደነቃል። ዓይኑ ግን ሜዳው ላይ ነው።

አንድ ቀን የፊደል ገበታው ትዕግሥቱ አለቀ።

«የኔታ፣ ይህ ልጅ አንድ ቀን እንኳ አይቶኝ አያውቅም!»

መጠቆሚያው ስንደዶም ተቀበለ፦ «እውነቱን ነው። እኔንም ገብስ መስዬው ሁለት ጊዜ ቀርጥፎኛል።»

የኔታ ስንደዶውን አንሥተው ከገበታው መካከል አንዷን ፊደል ጠቆሙ።

«በል ልጄ፣ ይህች ማን ናት?»

ቡላ ወደ ሜዳው ዞር አለ።

«ይህችስ?»

መሬቱን በኮቴው ጫረ።

«ይህችስ?»

ቡላ ጆሮውን ጣለ። ጦጣ ከቅርንጫፍ ላይ ሆና «አንተ ቡላ፣ ዜማህን ጅብ በላብህ?» አለችው። ተማሪው ሁሉ ሳቀ።

ወሬው ሸንጎ ደረሰ። ዳኛው ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ፈረደ። «አህያ ማር አይጥማትም። አደይ እስኪፈነዳ ካላነበበ ትምህርቱ ይቅርና ጨው ይጫን።»

የቡላ እናት ጀርባዋ በጭነት የተላጠ ነበር። ወደ መምህሩ ቀረብ አለችና «የኔታ፣ የእኔ ይብቃ» አለች።

ቡላ ግን ኮብልሎ ሜዳ ገባ። የኔታ እያዘገሙ ተከተሉት። በመጀመሪያው ቀን መከሩት፤ ሣሩን ጋጠ። በሁለተኛው ቀን ተቆጡት፤ ጭራውን ነሰነሰ። በሦስተኛው ቀን አልመከሩም፣ አልተቆጡም። ብራና ዘርግተው ለራሳቸው ማንበብ ጀመሩ።

«አንዲት አህያ ከጅብ ጋር መንገድ ገባች። ጅቡም ‹እመት አህያ፣ ጀርባሽ ወፍሯል፤ ጥቂት ልቅመስልሽ?› አላት። ‹ቅመስ፣ አያ ጅቦ፤ ብቻ ከኋላ ጀምር› አለችው። ጅቡ ወደ ኋላዋ ዞረ። አህያዪቱም...»

የኔታ ብራናውን አጠፉና ሊሄዱ ተነሡ። ቡላ የጎረሰውን ሣር ተፋ።

«የኔታ! አህያዪቱስ ምን አደረገች?»

«ተጽፏል።»

«ይንገሩኛ!»

«ዓይኔ ደከመ፣ ልጄ። አንተ አንብብልኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡላ ዜማውን ትቶ ፊደሉን በዓይኑ ይለቅም ጀመር። አንዷን በለየ ቁጥር «ያዝኋት!» ብሎ ይዘላል። ገበታውም «አየኝ! አየኝ!» እያለ ይስቃል። ብራናውን ግን የኔታ አላሳዩትም።

አደይ ፈነዳ። ሸንጎው ተሰየመ። ቀበሮ «ሸምድዶ ይሆናል» ሲል የኔታ ብራናውን ዘረጉ። «የዚህን መጨረሻ ከእኔ በቀር ያወቀ የለም። ያንብብ።»

ቡላ ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል አነበበ። «አህያዪቱም... በሁለት እግሯ... ረገጠችው። ጅቡም... ጥርሱን ሲለቅም... መሸበት።»

ሸንጎው በሳቅ ወደቀ። እናቱ አለቀሰች። ቡላ ግን ብራናውን አልለቀቀም። «ከግርጌው ባዶ ቦታ ቀርቷል። ብርዕ ስጡኝ፣ እኔም የምጽፈው አለኝ!»

ቀበሮ አፍሮ «ለየኔታ ካባ ይደረብላቸው፤ ያስነበቡት እርሳቸው ናቸው» አለ።

«መጨረሻውን የጓጓለት እርሱ ነው» አሉ የኔታ። «ልብ ያልጓጓለትን ዓይን አያነብም።»

ካባውንም አልተቀበሉም።