የከርከሮ አክስት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ልጆች ከፊት፣ ትልልቆቹ ከኋላ። በድሮ ጊዜ፣ ስሙን እኔም በማላውቀው አገር፣ አውሬዎች ከአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ተሰባስበው ይኖሩ ነበር። ወንዙ በክረምት ሞልቶ እርሻቸውን እንዳይወስድ በየዓመቱ በድንጋይ ክትር ይክቡ ነበር። ድንጋይ የሚክበው ደግሞ መብላት አለበትና፣ እያንዳንዱ ካመረተው ከአሥር ቁና አንዱን ለወል ጎተራ ያገባ ነበር።

ቁናውን የምትሰበስበው ኤሊ ነበረች። የመረጧት ስለማትቸኩልና ስለማትረሳ ነው። «ቀስ እላለሁ፣ ግን እደርሳለሁ» ማለት ትወድ ነበር።

ከሁሉ ሰፊ እርሻ ያለው አያ ከርከሮ ነበር። የሚታረስለትም የሚታጨድለትም በደቦ ነው፤ ጥንቸልም ሚዳቋም ላባቸውን እያንጠፈጠፉ ያጭዱለታል። ኤሊ ቁናዋን ይዛ ስትመጣ ግን ጎተራውን ወለል አድርጎ ይከፍትላታል። ባዶ! አይጥ እንኳ የለበትም።

«ይኸው እይው። እኔ ምን አለኝ?»

«ያ ሁሉ ማሽላስ?»

«የአክስቴ ነው። አክስቴ ማዶ ናቸው።»

ኤሊ ወንዙን ዋኝታ ወደ ማዶ፣ ወደ ጉሬዛ አገር ተሻገረች። የዚያ አገር ሹም ጉሬዛ ነጭ ካባውን ደርቦ ዛፉ ላይ ጉብ ብሏል። ለእሱ የእንግዳ እህል ማስቀመጥ ሥራው ነው፤ ከየቁናው አንድ እፍኝ ይወስዳል፣ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።

«የከርከሮ ማሽላ እዚህ ነው?» አለችው።

«በእኛ አገር የእንግዳ ጓዝ አይፈተሽም። ያየሁት የለም፣ የሰማሁትም የለም።» ጢሙ ላይ አንዲት የማሽላ ፍሬ ተጣብቃ ነበር።

ባዶ እጇን ተመለሰች። በሁለተኛውም ዓመት ከርከሮ «እኔ ምን አለኝ? የአክስቴ ነው» አለ። በሦስተኛውም እንዲሁ። የወሉ ጎተራ ሳሳ፤ ካቢዎቹም ሆዳቸው ባዶ ሲሆን ክትሩን በእንጥልጥል ትተው ተበተኑ። ክረምት ሲገባ ወንዙ በዚያው በክፍቱ በኩል ጥሶ የጥንቸልን ማሳ ጠርጎ ወሰደ፤ የከርከሮንም አጥር ልሶ ተመለሰ።

«እትዬ ኤሊ፣ እኔ ድርሻዬን አግብቻለሁ» አለች ጥንቸል፣ አራት ልጆቿን ይዛ ጭቃው መሀል ቆማ። «እነዚህን ምን ላብላቸው? ዘንድሮም ክትሩ ካልተካበ መሬቱም አይተርፈኝም።»

ኤሊ አዘነች፤ ተናደደችም። በቀጥታ ወደ ከርከሮ ሄዳ «ዘንድሮ ካልሰጠህ ሸንጎ አቆምሃለሁ» አለችው።

«ብትነኩኝ ጓዜን ጠቅልዬ ዝንጀሮ አገር እገባለሁ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤቱ ሁሉ ደነገጠ። «ተዪው፣ ሀብታም አይሰደድብን» አሏት።

«ይሂዳ!» አለች ኤሊ። «እርሻውን አዝሎት ይሄዳል?»

ከዚያ መንገድ ጀመረች። መጀመሪያ ጉሬዛ ዘንድ ደረሰች። ጎርፉ የእሱንም ዛፎች ሥር ቦርቡሮ ጥሎበት አገኘችው።

«ለመሆኑ የአንተ አገር ባለጸጋ ፍሬውን የት ነው የሚያስቀምጠው?» አለችው።

ጉሬዛ ራሱን አከከ። «ተራራው ማዶ፣ ዝንጀሮ አገር። ስንጠይቀው የአክስቴ ነው ይለናል።»

ተራራውን ስንት ቀን ወጥታ ዝንጀሮ አገር ደረሰች። የዝንጀሮው ሹም ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «የኛው ባለጸጋማ እህሉን ጉሬዛ አገር አሽሽቶ የአክስቴ ነው ይለናል! ለካ ሦስታችንም የተዘረፍነው በአንዲት አክስት ነው!»

አያችሁ፣ በዚያ ዘመን አንድ ነገር ሲጠፋ አፈርሳታ ይቀመጡ ነበር። አገሬው ሁሉ ከዋርካ ሥር ይሰበሰባል፤ እውነቱ እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም፣ እህልም አይቀምስም። ግን ሁሉም አፈርሳታውን ለየብቻው ይቀመጥ ስለነበር፣ እውነቱ ወንዝ ተሻግሮ ይቀመጥ ነበር። አሁን ሦስቱ አገሮች በአንድ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ጎተራዎቹም ሁሉ በአንድ ቀን ተከፈቱ።

«ይህ ማሽላ የማን ነው?» አለች ኤሊ፣ ከጉሬዛ ጎተራ የወጣው ክምር አጠገብ ቆማ።

«እኔ ምን አለኝ? የአክስቴ ነው» አለ ከርከሮ።

«እንግዲያስ አክስትህ ይምጡ።»

ጠበቁ። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ አክስት የሉም። በማግስቱም የሉም። «ታመው ነው» አለ ከርከሮ፣ ሆዱ እየጮኸ።

«ባለቤቱ ያልቀረበ ንብረት የወል ነው» አለች ኤሊ። «ጥንቸል፣ አቁማዳሽን አምጪ።»

ጥንቸል አንዱን አቁማዳ ሞላች። ከርከሮ ምራቁን ዋጠ። ሁለተኛውን ሞላች። ጋማው ቆመ። ሦስተኛውን ልትሞላ እጇን ስትሰድ ዘሎ ክምሩ ላይ ተዘረረ።

«ተዪ! የኔ ነው! ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት የኔ ነው!»

ጥንቸል አቁማዳዋን ቀስ ብላ አስቀመጠችና «አያ ከርከሮ፣ አክስትዎ ተሻላቸው እንዴ?» አለችው። ያኔ የሦስቱ አገር ሕዝብ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሸንጎው ፈረደ። ከርከሮ የሦስት ዓመቱን ድርሻ ያግባ፣ ለጥንቸል የጠፋውን ይካስ፣ የክትሩንም መሠረት በገዛ አፍንጫው ይቆፍር ተባለ። የቀረው እህል የራሱ ነው፤ ማንም አልነካበትም። ሦስቱም አገሮች በየዓመቱ በአንድ ቀን ጎተራ ሊከፍቱ ተማማሉ።

«አራተኛ አገር ፈልጎ ቢደብቅስ?» አለ አንዱ ተጠራጣሪ።

«ይደብቅ» አለች ኤሊ። «ቀስ እላለሁ፣ ግን እደርሳለሁ።»

ክረምት ገባ። ወንዙ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም፤ እያገሳ መጥቶ ተክቦ ያለቀውን ክትር መታና አንገቱን ደፍቶ በቦዩ ሄደ። የጥንቸል ልጆች ከለመለመው ማሳቸው ዳር ሆነው ያዩታል። ከርከሮም የራሱ እርሻ ሳይነካ ሲያይ ቆየና፣ ኤሊ በመኸር ስትመጣ ቁናውን ጫን ጫን አድርጎ ሞልቶ ሰጣት። ስለ አክስቱም ትንፍሽ አላለ።

እኔ የተረት ድርሻዬን አግብቻለሁ፤ የእናንተን ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ። አባቶች እንዲህ ይላሉ፦ ጎተራውን ማዶ ቢያሻግር፣ ጎርፉ ከደጁ ያድር።